ከማጉያው በፊት ያለ ወንፊት፦ የሄቪ ሜታል ጊታር ፒክአፕ አመራረጥ

ለኤሌክትሪክ ጊታር ለብቻቸው የሚሸጡ ፒክአፖች የሚተዋወቁበት ቋንቋ በአብዛኛው የጉልበት ቋንቋ ነው። ለሄቪ ሜታል ተብለው ከሚቀርቡት መካከል ስማቸው ወራሪ፣ የጦር አሳማ ወይም የሚስማር ቦምብ ማለት የሆነ ይገኙባቸዋል፤ በመግለጫቸው ላይ የሚጻፈው አኃዝም ከፍ ባለ መጠን ሙዚቃው የሚከብድ መስሎ ይታያል፤ ገዢውም ከብዙዎቹ መካከል ብርቱውን ለይቶ ማወቅ የምርጫው ፍጻሜ ይመስለዋል። ይህ አስተሳሰብ ያለ ምክንያት የበቀለ አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለነበረ እውነተኛ ችግር የተሰጠ ትክክለኛ መልስ ነበር። ችግሩ ግን በማጉያዎች ዕድገት ከተፈታ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ጥያቄው ሞቶ መልሱ ብቻ በሕይወት ቀርቷል። ዛሬ ለሄቪ ሜታል ፒክአፕ የሚመርጥ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ፒክአፑ ምን ያህል ድምፅ ወደ ማጉያው እንደሚያስገባ ሳይሆን የትኛውን ድምፅ እንደሚያስቀር ነው፤ ይህን ለማስረዳት ግን ዕቃው ራሱ እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ፒክአፕ የሚለው ቃል በአማርኛ ተናጋሪው ጆሮ ከኋላው ጭነት የሚሸከመውን መኪና ቀድሞ የሚያመጣ ቢሆንም፣ በጊታር ዓለም በክሮቹ ሥር ተቀምጦ እንቅስቃሴያቸውን ወደ ኤሌክትሪክ ምልክት የሚለውጠው ትንሽ መሣሪያ መጠሪያ ነው። ውስጡ ሁለት ነገር ብቻ አለ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም፤ አንዱ ማግኔት ሲሆን ሌላው በማግኔቱ ዙሪያ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ፣ ውፍረቱ 0.06 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የመዳብ ሽቦ ነው። ማግኔቱ ከበላዩ ያለውን የብረት ክር በመጠኑ ማግኔት ያደርገዋል፤ ክሩ ሲመታና ሲርገበገብ በሽቦው ጥቅል ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ይለዋወጣል፤ ማይክል ፋራዴይ በ1831 ባሳየው ሕግ መሠረትም ይህ መለዋወጥ በሽቦው ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጥራል። እንዲህ ያለው ፒክአፕ ለናይለን ወይም ለጅማት ክር የማያገለግለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

አንድ ጥቅል ብቻ ያለው ፒክአፕ ሲንግል ኮይል ይባላል። የሲንግል ኮይል ችግር የክሩን እንቅስቃሴ ብቻ ሳይሆን በአካባቢው ካሉ የመብራት መስመሮችና ትራንስፎርመሮች የሚወጣውንም መስክ የሚቀበል መሆኑ ነው፤ ይህም በአሜሪካ በ60፣ በአውሮፓና በኢትዮጵያ ደግሞ በ50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ጊዜ ማለት ነው) በሚርገበገበው የመብራት ኃይል የተነሣ የማያቋርጥ እምምታ ሆኖ ይሰማል። የጊብሰን ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ሴት ላቨር በ1955 የፈጠራ መብት ጠይቆበት በ1959 የተፈቀደለት ሀምበከር ይህን እምምታ የሚያጠፋው ሁለት ጥቅሎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የአንዱን የሽቦ አቅጣጫና የማግኔት ዋልታ ከሌላው ተቃራኒ በማድረግ ነው። ከውጭ የሚገባው እምምታ ከማግኔቱ ዋልታ ጋር ጉዳይ ስለሌለው በሁለቱ ጥቅሎች ውስጥ በተቃራኒ ምልክት ገብቶ እርስ በርሱ ይጣፋል፤ የክሩ ምልክት ግን በሽቦውም በማግኔቱም ሁለት ጊዜ ስለሚገለበጥ ተደምሮ ይወጣል። ምልክቱ በማጉያው ውስጥ በሺህ እጥፍ በሚያድግበት ሙዚቃ እምምታውም አብሮ ስለሚያድግ የሄቪ ሜታል ተጫዋቾች ወደ ሀምበከር ማዘንበላቸው የሚያስገርም አይደለም።

ይሁንና የጉልበትን አስተሳሰብ ገና ከመነሻው የሚፈታተን አንድ የታሪክ ሐቅ አለ። ሄቪ ሜታል የተወለደበት ተብሎ በብዙዎች የሚጠቀሰው የብላክ ሳባዝ የመጀመሪያ አልበም፣ በየካቲት 1970 የወጣው፣ በአመዛኙ የተቀረጸው በሀምበከር ሳይሆን በሲንግል ኮይል ነው። የባንዱ ጊታሪስት፣ የበርሚንግሃሙ ቶኒ አዮሚ፣ በቀረጻው መጀመሪያ ይዞት የነበረው ፌንደር ስትራቶካስተር ጊታር ፒክአፑ በመበላሸቱ፣ ፒ 90 የተባሉ ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፖች ወዳሉት ጊብሰን ኤስጂ ስፔሻል ለመዞር ተገደደ። የድምፁ ክብደት የመጣው ከፒክአፑ ብርታት ሳይሆን ከሌሎች ነገሮች ድምር ነው፤ ከጊታሩና ከማጉያው መካከል ላይኛውን ድምፅ ለይቶ የሚያጎላ ትንሽ መሣሪያ ነበረው፤ በ1965 በቆርቆሮ ፋብሪካ ሲሠራ በደረሰበት አደጋ የሁለት ጣቶቹ ጫፍ ተቆርጦ ስለነበረ ቀጫጭን ክሮችን ይጠቀም ነበር፤ ጥቂት ቆይቶም ክሮቹን ከተለመደው ቅኝት ዝቅ አድርጎ ማላላት ጀመረ። ላይኛውን ድምፅ የሚያጎላ መሣሪያ ታችኛውን ከማጉያው በፊት የሚቀንስ ማለት ነው፤ ይህ ነጥብ ኋላ ስለሚመለስ በልብ መያዝ ያለበት ነው።

ታዲያ ብርቱ ፒክአፕ ለምን ተፈለገ? መልሱ ያለው በጊዜው ማጉያዎች ውስጥ ነው። የ1960ዎቹ መጨረሻ ትልልቅ ባለ 100 ዋት የማርሻል ማጉያዎች የተሠሩት ድምፅን በአዳራሽ ሙሉ ለማሰማት እንጂ ለማዛባት አልነበረም፤ ተጫዋቾች የሚወዱትን የተዛባ ድምፅ የሚሰጡት ቁልፋቸው እስከ ጥግ ሲከፈት ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜም መዛባቱ ለከባድ ሙዚቃ በቂ ላይሆን ይችል ነበር። ማጉያውን ሳይቀይሩ ቶሎ እንዲዛባ የሚያደርጉበት አንዱ መንገድ ከጊታሩ የሚገባውን ምልክት ማሳደግ ነበር። ላሪ ዲማርዚዮ በ1972 በኒው ዮርክ ያወጣው ሱፐር ዲስቶርሽን የተባለው ሀምበከር፣ ለመተኪያነት ተሠርተው ገበያ ካገኙት ቀዳሚው ሲሆን፣ ያደረገውም ይህንኑ ነው፤ ከጊብሰን ፒክአፖች ይልቅ ብዙ ዙር ሽቦ ተጠመጠመበት፣ ማግኔቱም ብርቱ በሆነው ሴራሚክ ተተካ። የኪስ ባንድ ጊታሪስት ኤስ ፍሬሊን የመሳሰሉ ሰዎች ተቀበሉት። በ1976 በካሊፎርኒያ የተቋቋመው የሲሞር ደንከን ኩባንያም ጄቢ በተባለው ዝነኛ ምርቱ ከዚህ ብዙ ባልራቀ መንገድ ሄደ። በዚያ ጊዜ ብርታት የሚለካ ጥቅም ነበረው።

ነገር ግን ማጉያ ሠሪዎችም አልተኙም። በካሊፎርኒያ ራንዳል ስሚዝ ሜሳ ቡጊ በተባሉት ማጉያዎቹ ውስጥ አንዱ የማጉላት ደረጃ ሌላውን እንዲመግብ አድርጎ በመደርደር፣ ማርሻልም በ1975 ባወጣው 2203 የተባለ ሞዴል መዛባቱንና የድምፁን ከፍታ በሁለት ልዩ ቁልፎች በመለየት፣ መዛባት ከድምፅ ከፍታ እንዲነጠል አደረጉ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የሜሳ ቡጊ ዱዋል ሬክቲፋየርና ከጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ጋር የተሠራው የፒቪ 5150 ሲመጡ ነገሩ አበቃ፤ እነዚህ ማጉያዎች የትኛውንም ፒክአፕ፣ ደካማ የሚባለውን ሲንግል ኮይል ጭምር፣ ከሚፈለገው በላይ ሊያዛቡ የሚችሉ ናቸው። ፒክአፑ የሚጨምረው ሁለት እጥፍ ቮልቴጅ በማጉያው ላይ ያለውን ቁልፍ ጥቂት በማዞር በነጻ የሚገኝ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ብርታትን እንደ ዋና መስፈርት መግዛት ቀድሞ የሞላ እንስራ ላይ ውኃ እንደ መጨመር ነው።

በሞላ እንስራ ላይ የተጨመረ ውኃ ይፈሳል እንጂ ጉዳት የለውም ሊባል ይችላል፤ በፒክአፕ ግን ጉዳት አለው። ዲስቶርሽን በጥሬ ትርጉሙ መዛባት ነው፤ ማጉያው ከአቅሙ በላይ የሆነ ምልክት ሲገባበት የሞገዱን ጫፍና ግርጌ መከተል አቅቶት ይቆርጠዋል፤ የተቆረጠውም ሞገድ ክሩ ያላወጣቸውን አዳዲስ ላይኛ ድምፆች ይወልዳል። ከኢትዮጵያ የዜማ መሣሪያዎች ለዚህ ቅርብ የሚሆነው በበገና ላይ በየጅማቱና በብርኩማው መካከል የሚገባው እንዝራ የተባለ ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ጅማቱ ከቆዳው ጋር እየተነካካ የሚያሰማው ጥዝዝታ ዝቅተኛውን ድምፅ በላይኛ ድምፆች ያበለጽገዋል፤ የደርዳሪውም ጥንቃቄ ጅማቱን በኃይል በመምታት ላይ ሳይሆን እንዝራውን ከትክክለኛው ቦታ በማዋል ላይ ነው። ልዩነቱ በበገና ላይ እያንዳንዱ ጅማት የራሱ እንዝራ ያለው ሲሆን፣ በጊታር ላይ ግን ስድስቱም ክሮች ተደባልቀው በአንድ ማጉያ ውስጥ የሚዛቡ መሆናቸው ነው።

ይህ መደባለቅ ከባድ ውጤት አለው። ሁለት ድምፆች አንድ ላይ ሲዛቡ የየራሳቸውን ላይኛ ድምፆች ብቻ ሳይሆን የድግግሞሻቸውን ድምርና ልዩነትም ይፈጥራሉ። የጊታር ዝቅተኛው ክር 82.4 ኸርዝ፣ ከእሱ አምስተኛ የሆነው ድምፅ 123.5 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ልዩነታቸው 41 ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ ከዝቅተኛው ክር አንድ ኦክቴቭ ያህል ዝቅ ያለ፣ ማንም ያልመታው ድምፅ ይወለዳል። የሄቪ ሜታል ሙዚቃ መነሻ ድምፅንና አምስተኛውን ብቻ በሚይዘው ፓወር ኮርድ ላይ የተገነባው ከልማድ ብቻ አይደለም፤ ሦስተኛ ድምፅ ሲጨመር ልዩነቶቹ በዝተው እርስ በርስ ይላተማሉ፣ ድምፁም ይደፈርሳል። የወፍራሞቹ ክሮች ንዝረት ከሌሎቹ የሰፋ በመሆኑ የማጉያውን አቅም ቀድሞ የሚጨርሰው ታችኛው ድምፅ ነው፤ የመምቻው ንክኪ ያለበት፣ ጆሮ ምቱን ከምት የሚለይበት ላይኛው ድምፅ በዚህ ላይ ተሳፍሮ ይመጣና አብሮ ይቆረጣል። ተጫዋቹ በመዳፉ ጠርዝ ክሮቹን አፍኖ በፍጥነት ሲመታ፣ ማለትም የዚህን ሙዚቃ ዋና የአጨዋወት ዘዴ ሲጠቀም፣ እያንዳንዱ ምት ተነጥሎ መሰማቱ ቀርቶ አንድ የተጎተተ ጉምጉምታ ይሆናል።

ታችኛው ድምፅ ከበዛ በማጉያው ላይ ባለው የቤዝ ቁልፍ መቀነስ ይቻላል የሚል ክርክር እዚህ ላይ ሊነሣ ይችላል፤ ነገር ግን በብዙዎቹ ማጉያዎች ያ ቁልፍ የሚሠራው ምልክቱ አብዛኛውን መዛባት ካለፈ በኋላ ስለሆነ የተበላሸውን አይመልስም። ዱቄት የሚነፋው ከመቦካቱ በፊት ነው፤ ከተጋገረ በኋላ እንጀራን በወንፊት ማጥራት አይቻልም። ስለዚህ ከመዛባት በፊት ምን እንደሚቀነስ የሚወስነው የፒክአፑ ጠባይ ከማጉያው ቁልፎች ሁሉ የማይተካ ሥራ አለው። የሜታል ተጫዋቾች ራሳቸው ይህን በተግባር እንደሚያውቁ የሚያሳየው አይባኔዝ የሚሸጠው ቲዩብ ስክሪመር የተባለው፣ በእግር የሚበራ የድምፅ መለወጫ ፔዳል ነው። ለብሉዝና ለሮክ የተሠራው ይህ ፔዳል የራሱ የማዛቢያ ቁልፍ እስከ ታች ዝቅ ተደርጎ በብርቱ ማጉያዎች ፊት የሚቀመጠው ከ720 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ በደረጃ እየቀነሰ መካከለኛውን ስለሚያጎላ ነው። እጅግ ብርቱ ፒክአፕ ገዝቶ፣ ፒክአፑ የሰጠውን ታችኛ ድምፅ መልሶ ለመቀነስ ፔዳል የሚገዛ ተጫዋች ጥቂት አይደለም፤ ነገሩ ትንሽ ያስቃል።

ቅኝት ዝቅ ባለ ቁጥር ጉዳዩ ይከርራል። ባለ ሰባት ክር ጊታር ዝቅተኛው ክሩ በተለመደው ቅኝት 61.7 ኸርዝ ሲሆን፣ የስዊድኑ መሹጋ ባንድ በሚታወቅበት ባለ ስምንት ክር ጊታር 43.7 ኸርዝ ድረስ ይወርዳል፤ ይህም የቤዝ ጊታር ግዛት ነው። በ1970ዎቹ ለመደበኛ ቅኝት የተቀረጸ ብርቱና ወፍራም ፒክአፕ በእንዲህ ያለ ጊታር ላይ ሲገጠም በማጉያው የሚያልፈው ሙዚቃ መሆኑ ቀርቶ መንቀጥቀጥ ይሆናል። የወፍራም ፒክአፕ ደጋፊዎች የሚጠቅሱት ከባድ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ በቀረጻ ውስጥ ከቤዝ ጊታሩና ከከበሮው ጋር ተዳምሮ የመጣ መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

በመግለጫ ላይ የሚጻፈው አኃዝ ታዲያ ምን ይነግራል? በብዛት የሚጻፈው የጥቅሉ ሬዚስታንስ ነው፤ ይህም ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በሽቦው ውስጥ ሲያልፍ የሚገጥመው ተቃውሞ ሲሆን በኪሎ ኦህም ይለካል። የጊብሰን የ1950ዎቹ ሀምበከሮች ከ7 እስከ 9፣ ሱፐር ዲስቶርሽን 13.7 አካባቢ፣ ጄቢ ደግሞ 16 ኪሎ ኦህም ገደማ ናቸው፤ ገዢው ከዚህ ተነሥቶ ጄቢ ከሱፐር ዲስቶርሽን የበለጠ ብርቱ ነው ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው አይጸናም። ሬዚስታንስ የሚናገረው ስለ ሽቦው ርዝመትና ውፍረት ብቻ ነው፤ ቀጭን ሽቦ የተጠቀመ ሠሪ የዙሩን ቁጥር ሳይጨምር አኃዙን ማሳደግ ይችላል፤ ስለ ማግኔቱ ብርታትም አኃዙ አንዳች አይናገርም። የመዳብ ሬዚስታንስ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ጠዋት አዲስ አበባ ላይ የተለካ ፒክአፕ እኩለ ቀን ድሬዳዋ ላይ ቢለካ ማንም ሳይነካው «በርትቶ» ይገኛል።

ከዚህ የበለጠ የሚናገረው፣ ግን በጥቂት አምራቾች ብቻ የሚገለጸው፣ ኢንዳክታንስ ነው፤ ይህም ጥቅሉ ለፈጣን የኤሌክትሪክ ለውጥ የሚያሳየው እንቢተኝነት መለኪያ ሲሆን መለኪያ አሃዱ ሄንሪ ይባላል። የጥቅሉ ኢንዳክታንስ፣ ጊታሩን ከማጉያው የሚያገናኘው ገመድ ካለው ካፓሲታንስ ማለትም ቻርጅ የመያዝ ችሎታ ጋር ተጣምሮ አንድ የድግግሞሽ ጫፍ ይፈጥራል፤ ፒክአፑ በዚህ ጫፍ አካባቢ ያለውን ድምፅ አጉልቶ ከዚያ በላይ ያለውን በፍጥነት ይቆርጣል። የገመዱና የጥቅሉ ካፓሲታንስ ተደምሮ 600 ፒኮፋራድ ቢሆን፣ 4.5 ሄንሪ ያለው መጠነኛ ሀምበከር ጫፉ በ3,060 ኸርዝ አካባቢ ይውላል፤ 8 ሄንሪ ያለው ብርቱ ፒክአፕ ግን ወደ 2,300 ኸርዝ ይወርዳል። ይህ ከ700 ኸርዝ የበለጠ መውረድ የመምቻው ንክኪ ከሚሰማበት ክልል ላይ የሚወሰድ ነው። ዙር የጨመረ ሠሪ ብርታትን ሲያገኝ ጥርትነትን ይከፍላል፤ ወንፊቱም ዱቄቱን ይዞ ገለባውን ያሳልፋል ማለት ነው። ረጅም ገመድ ካፓሲታንሱ ስለሚበዛ ጫፉን ይበልጥ ያወርደዋል፤ አንዳንዱ «ደነዘዘ» የተባለ ፒክአፕ በደሉ የገመዱ ነው።

ስለ ማግኔት የሚነገረው ከሚገባው በላይ ነው። አልኒኮ የአሉሚኒየም፣ የኒኬልና የኮባልት ቅይጥ ሲሆን ለስላሳ ድምፅ ይሰጣል፣ ሴራሚክ ደግሞ ጨካኝና ለሜታል ብቻ የሚሆን ነው የሚለው ክፍፍል በጥቅሉ ላይ ያለውን ልዩነት በማግኔቱ ላይ የሚያላክክ ነው። ጄቢ አልኒኮ ሆኖ በሜታል ታሪክ ውስጥ በሰፊው ከተገጠሙት አንዱ ነው። ሴራሚክ በተመሳሳይ ጥቅል ላይ ብርቱ መስክ ከመስጠቱ ባሻገር ኢንዳክታንሱን ከአልኒኮ በመጠኑ ዝቅ ስለሚያደርግ ድምፁን ጥቂት ያጠራዋል፤ ከዚህ ያለፈው አብዛኛው ማስታወቂያ ነው።

የጉልበትን አስተሳሰብ የሚያፈርሰው ትልቁ ማስረጃ ግን የጉልበት ምልክት ተደርጎ ከሚታየው ፒክአፕ ይገኛል። ሮብ ተርነር በ1976 በካሊፎርኒያ የጀመረው፣ ኋላ ኢኤምጂ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኢኤምጂ 81 በሜታሊካው ጄምስ ሄትፊልድና በዛክ ዋይልድ እጅ የዚህ ሙዚቃ መለያ ሆኗል። ይህ ፒክአፕ አክቲቭ ነው፤ ማለትም በውስጡ በባለ 9 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ አለው። ብዙዎች ባትሪ ስላለው ብርቱ ነው ይላሉ፤ ምስጢሩ ግን ሌላ ነው። ውስጣዊው ማጉያ ስላለ ጥቅሉ ራሱ በብዙ ሽቦ መታጨቅ አላስፈለገውም፤ የፒክአፑ መውጫ 10 ኪሎ ኦህም ብቻ ስለሆነም የገመዱ ርዝመት ድምፁን አያደነዝዝም። ውጤቱ የተጨመቀ፣ ታችኛው የተገታ፣ የመምቻው ንክኪ ቁልጭ ብሎ የሚሰማበት ምልክት ነው። ሄትፊልድ ቀኝ እጁ ወደ ታች ብቻ እየመታ በሚያወርደው ፈጣን አጨዋወት ላይ ያገለገለው ይህ ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ሁለት ባትሪ አያይዘው 18 ቮልት የሚሰጡትም ድምፁን ለማብረታት ሳይሆን ውስጣዊው ማጉያ በኃይለኛ ምት ጊዜ ራሱ እንዳይቆርጥ ሰፊ ቦታ ለመስጠት ነው።

ለተቃራኒው ወገን ሊሰጠው የሚገባ ግን አለ። የፓንቴራው ዳይምባግ ዳረል በክራር ላይ ብርኩማ የሚባለውን በሚተካው በብሪጁ አጠገብ ይገጥመው የነበረው የቢል ሎውረንስ ኤል 500 ኤክስኤል እጅግ ብርቱ ከሚባሉት ነው፤ ድምፁ ደፍርሷል የሚል ጆሮ ግን የለም። ይጠቀምባቸው የነበሩት ራንዳል ማጉያዎች በትራንዚስተር የሚሠሩ፣ በቫኩም ቲዩብ ከሚሠሩት ማጉያዎች ይልቅ ታችኛውን አጥብቀው የሚይዙ ነበሩ፤ በፊታቸውም ድምፁን የሚቀርጽ ኢኳላይዘር ነበረ። ብርታት በተናጠል አልሠራም፤ ሌላ ቦታ በተቀመጠ ወንፊት ተካክሷል። ብርቱ ፒክአፕ ከማጉያው የራስ ሹክሹክታ በላይ ምልክቱን ከፍ ማድረጉም፣ ጣት በክሩ ላይ በቀላሉ ሲያርፍ እንኳ ድምፁ ቶሎ መነሣቱም እውነተኛ ጥቅሞች ናቸው፤ ፈጣን ነጠላ ዜማ የሚጫወት ሰው ይህን ምቾት ቢመርጥ የሚያስነቅፈው አይደለም። የማዛቢያ ቁልፍ የሌለው አሮጌ ማጉያ ላለው ሰውም የ1972ቱ መልስ ዛሬም ይሠራል። በሌላ በኩል የስቶክሆልሙ የዴዝ ሜታል ድምፅ፣ የኤንቱምድ ባንድ የ1990 አልበም ያስፋፋው፣ ሁሉም ቁልፎቹ ጥግ በደረሱ ቦስ ኤችኤም 2 በተባለ ፔዳል የተሠራ ነው፤ በዚያ መንገድ የሚሄድ ተጫዋች ፒክአፕ መቀየሩ ልዩነቱን እምብዛም አይሰማውም።

ከላይ የተባለው ሁሉ ወደ ግዢ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ምናልባት አለመግዛት ነው። ፒክአፑ በሁለት ብሎኖች ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ ከክሩ ያለው ርቀት በአንድ ሚሊ ሜትር ሲለወጥ የምልክቱ መጠን በግልጽ ይለወጣል፤ በክሩ ላይ ሊጣበቅ የደረሰ ፒክአፕ ታችኛውን ያገንናል፤ ብርቱ ማግኔት ካለውም የክሩን ንዝረት ስቦ ያሳጥረዋል። ድፍርስ ነው የተባለ የፋብሪካ ፒክአፕ በአንድ ሚሊ ሜትር ዝቅ ሲል ተጣርቶ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሁለተኛው የድምፅ ቁልፉ ነው፤ 250 ኪሎ ኦህም የሆነ ፖቴንሽዮሜትር ከ500 ኪሎ ኦህሙ ይልቅ ላይኛውን ድምፅ ስለሚበላ፣ ሀምበከር ባለበት ጊታር ላይ ይህን ርካሽ ዕቃ መቀየር ከፒክአፑ ሊቀድም ይገባዋል። ለአክቲቭ ፒክአፕ ግን የሚያስፈልገው 25 ኪሎ ኦህም ሲሆን፣ ባትሪው የሚቀመጥበት ባዶ ቦታ በጊታሩ ጀርባ መኖሩም አስቀድሞ መታየት አለበት።

መግዛት የግድ ከሆነ ምርጫው ከቅኝትና ከማጉያ ይጀምራል። መደበኛ ቅኝትና ሞቅ ያለ አሮጌ ማጉያ ያለው ሰው ብርቱውን ቢመርጥ ይስማማዋል፤ ዝቅተኛ ቅኝትና ዘመናዊ ማጉያ ያለው ግን መጠነኛ ብርታት፣ ዝቅ ያለ ኢንዳክታንስና የተገታ ታችኛ ድምፅ ያለውን ቢፈልግ ይጠቀማል። ፒክአፑ የሚቀመጠው በብሪጁ አጠገብ ከሆነ፣ ክሩ እዚያ የሚንቀጠቀጠው በጠባቡ ስለሆነ ታችኛው በተፈጥሮ ያንሳል፤ የሜታል ሪፍ፣ ማለትም ተደጋጋሚው የጊታር ሐረግ፣ የሚመታው በዚያ ፒክአፕ ነው። የክሮቹ ስፋት በብሪጁ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነና ከ52 የሚያልፍ ጊታር ስላለ የፒክአፑም ስፋት አብሮ መታየት አለበት። ጥቅሉ በሰም የተነከረ መሆኑም ወሳኝ ነው፤ ያልተነከረ ጥቅል ሽቦው ራሱ እንደ ማይክሮፎን እየተንቀጠቀጠ በከፍተኛ ድምፅ ጊዜ ይጮኻል። ብየዳውን በራሱ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሽቦዎቹ ቀለም ትርጉም ከአምራች አምራች እንደሚለያይ ማወቅ አለበት፤ የሲሞር ደንከንን ሥዕል ይዞ የዲማርዚዮን ፒክአፕ የበየደ ሰው የሚሰማው ስስና ባዶ ድምፅ ነው።

በ2014 ገበያ ላይ የወጣው የፊሽማን ፍሉዌንስ በነገሩ ላይ ሌላ ብርሃን ይጥላል፤ በዚህ ፒክአፕ ውስጥ የተጠመጠመ ሽቦ የለም፤ በደረቅ ሰሌዳዎች ላይ የታተሙ መስመሮች ተደራርበው ጥቅሉን ይተካሉ፤ የድግግሞሹን ቅርጽ የሚሰጠው ውስጣዊው ማጉያ ነው፤ በአንድ ማብሪያም ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ይፈራረቃሉ። ብርታትና ቅርጽ እንዲህ ተነጣጥለው ሲቀርቡ ገንዘብ የሚወጣው ለየትኛው እንደሆነ ይታያል።

ቅርጹ ዋናው ከሆነ ደግሞ ሳይገዙ መሞከር ይቻላል። ተጫዋቹ የጊታሩን ንጹሕ ምልክት ያለ ምንም መዛባት በኮምፒውተር ይቀርጻል፤ ያንኑ ቀረጻ በማጉያ ማስመሰያ ፕሮግራም ውስጥ እያሳለፈ ከፊቱ ኢኳላይዘር ያስቀምጣል፤ ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን ጥቂት ይቀንሳል፣ በ2,000 እና በ4,000 ኸርዝ መካከል ያለውን ጥቂት ከፍ ያደርጋል፣ ጠቅላላውን ምልክት በጥቂት ዴሲቤል ያሳድጋል ወይም ያወርዳል፤ ከዚያ የትኛው ለውጥ ሪፉን እንዳጠራው ያዳምጣል። እምምታንና የሰም ጉዳይን ይህ ፈተና አይነግርም፤ የቀረውን አብዛኛውን ግን ይነግራል። ከባሕር ማዶ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ፒክአፕ ለሚያስመጣ፣ ካልወደደውም መልሶ መላክ ለማይችል የአዲስ አበባ ጊታሪስት ይህ አንድ ምሽት የሚፈጅ ሥራ ነው። ኢኳላይዘሩ ብቻውን በቂ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜም አለ፤ ያን ጊዜ ጊታሩ ሳይፈታ፣ ሽቦውም ሳይበየድ ይቀራል።